የማይክ ገመድ ውስጡ፦ ስለ ድምፅ ቀረጻ ኬብሎች ሽቦና መከለያ ማብራሪያ

በቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት 220 ቮልት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በመድረክና በስቱዲዮ ሲያገለግል የኖረው ሹር ኤስኤም 58 የተባለው ማይክ ግን፣ ሰው ከአፉ አስጠግቶ ይዞት ጎላ አድርጎ ሲናገርበት የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ወደ 2 ሚሊቮልት የሚጠጋ ነው፤ ይኸውም አንድ ቮልት ከሺህ ቦታ ቢከፈል ከክፍልፋዮቹ ሁለቱን እንደ መውሰድ ነው። ሁለቱን ስናነጻጽር በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው መብራት ከማይኩ ድምፅ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል። የማይክ ገመድ ሥራ ይህን ኢምንት ኤሌክትሪክ በዚያ ኃይለኛ ጎረቤት አጠገብ አሳልፎ፣ ሳይበከል ከመቅረጫው ማድረስ ነው።

ነገሩን የሚያከብደው ገመዱ ካደረሰ በኋላ የሚከተለው ነው። ድምፆችን በሚያቀላቅለው ሚክሰር ወይም ማይኩን ከኮምፒውተር ጋር በሚያገናኘው ኦዲዮ ኢንተርፌስ መግቢያ ላይ ያለው ማጉያ፣ ባለሙያዎች ፕሪአምፕ የሚሉት፣ የማይኩን ድምፅ እንደ አስፈላጊነቱ እስከ ሺህ ጊዜ ያጎላዋል። ማጉያው በማይኩ የገባውንና በመንገድ ላይ የተቀላቀለውን ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱንም በእኩል መጠን ያሳድጋል። ስለዚህ በገመዱ ላይ የገባች በጣም ትንሽ ረብሻ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ እምም የሚል የማያቋርጥ ጉምጉምታ ሆና ትወጣለች።

ለምሳሌ በገናን እንውሰድ። በገና ድምፁ ዝቅ ያለና ለስላሳ ነው፤ ከእያንዳንዱ አውታርና አውታሩ ከሚያርፍበት በርኩማ መካከል የምትገባው ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ደግሞ ያንን የታወቀ ንዝረቱን ትሰጠዋለች። ማይኩ ከግማሽ ሜትር ርቀት ሲቆም የሚደርሰው ድምፅ ከላይ ከጠቀስነው 2 ሚሊቮልት በብዙ እጅ ያንሳል። ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣው ረብሻ መሠረቱ 50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ሲሆን፣ በ100፣ በ150 እና ከዚያም በላይ ባሉት ብዜቶቹ ላይ ተጨማሪ ድምፅ ያስከትላል፤ እነዚህም ከበገናው ዝቅተኛ ድምፆችና ከንዝረቱ ጋር ይደባለቃሉ። በኋላ በኮምፒውተር ረብሻውን ለማጥፋት የሚሞክር ሰው ከበገናው ድምፅም አብሮ ይቆርጣል። ከሁሉም ይልቅ የሚቆጨኝ እንዲህ ያለው ጉዳት ነው፤ ምክንያቱም ደርዳሪው አዛውንት ከሆኑ ቀረጻውን ለመድገም ሁለተኛ ዕድል ላይገኝ ይችላል።

በገመዱ ውስጥ ምን አለ?

አንድ ደህና የማይክ ገመድ በምላጭ ቢሰነጠቅ በመጀመሪያ የሚታየው ውጫዊው የጎማ ወይም የፕላስቲክ ልባስ ነው። ከእርሱ ሥር ከቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች የተሠራ፣ ውስጡን ዙሪያውን የሚሸፍን ብረታማ ልብስ ይገኛል፤ ይህ መከለያው ነው፣ በስቱዲዮ ቋንቋ ሺልድ ይባላል። ከመከለያው ውስጥ እያንዳንዳቸው የራሳቸው የፕላስቲክ ሽፋን ያላቸው፣ በቀለም የተለዩ ሁለት ሽቦዎች እርስ በርሳቸው ተገምደው ይቀመጣሉ። ድምፁን የሚሸከሙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። በመካከላቸው ብዙ ጊዜ የጥጥ ወይም የናይሎን ፈትል ይገባል፤ ፈትሉ ገመዱ ሲጎተትና ሲታጠፍ ሽቦዎቹ ከቦታቸው እንዳይንሸራተቱ ያደርጋል።

የገመዱ ውፍረት ስለ ጥራቱ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። ወፍራም ልባስ ለብሶ በውስጡ ሳሳ ያለ መከለያ የያዘ ገመድ አለ፤ ቀጭን ሆኖ በጥብቅ የተሸፈነም አለ። ገዢው በእጁ የሚዳስሰው ውጪውን ሲሆን፣ ሥራውን የሚሠራው ግን ከእይታ የተሰወረው ክፍል ነው።

ረብሻው ከየት ይመጣል?

የረብሻው ምንጭ አንድ አይደለም፤ ገመዱ የሚከላከልበት መንገድም እንደ ምንጩ ይለያያል። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መስክ የሚባለው ነው። ቮልቴጅ ያለው ማናቸውም ሽቦ፣ ምንም እንኳ አምፖሉ ጠፍቶ ኤሌክትሪክ ባይፈስበትም፣ በዙሪያው ላሉ ነገሮች ሁሉ በአየር ውስጥ ተጽዕኖውን ያሳድራል። ሁለተኛው መግነጢሳዊ መስክ ሲሆን፣ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ በሚፈስበት ጊዜ ነው፤ ትራንስፎርመር፣ የፍሪጅ ሞተር፣ የኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይ እና የብርሃን መጠን የሚቀንሱ ዲመሮች ዋነኞቹ ምንጮች ናቸው።

ሦስተኛው የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ይህን ከሁላችንም ጆሮ የማይርቅ ምሳሌ ያስረዳዋል። የእጅ ስልክ በድምፅ ማጉያ አጠገብ ተቀምጦ ሊጠራ ሲል ጥቂት ሰከንድ አስቀድሞ ድዝዝ፣ ድድድ፣ ድዝዝ የሚል ድምፅ ይሰማል። በሁለተኛው ትውልድ የሞባይል አሠራር ስልኩ ሞገዱን ሳያቋርጥ አይልክም፤ በሰከንድ 217 ጊዜ ገደማ እያበራና እያጠፋ ይልካል። ሞገዱ ራሱ ለጆሮ አይሰማም፤ ነገር ግን በገመዱ ተጠልፎ ወደ ማጉያው ሲገባ የማጉያው ክፍሎች የማብራትና የማጥፋቱን ምት ወደሚሰማ ድምፅ ይለውጡታል። አራተኛው ምንጭ በአየር ሳይሆን በገመዱ ራሱ በኩል የሚመጣ በመሆኑ ወደ ኋላ ለብቻው እንመለስበታለን።

መከለያው ምን ያግዳል? የማያግደውስ?

እ.ኤ.አ. በ1836 እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ ዙሪያውን በብረት የተሸፈነ ክፍል ሠርቶ፣ ከውጪ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ፍንጣሪ እየተለቀቀበት በውስጡ ምንም እንደማይሰማ አሳየ። የገመድ መከለያም በዚሁ መርህ ይሠራል፤ የውጪው የኤሌክትሪክ መስክ በመከለያው ብረት ላይ ያርፍና በእርሱ በኩል ወደ ግራውንድ፣ ማለትም ከመሬት ጋር ወደተያያዘው መስመር፣ ይሄዳል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም።

መከለያ በሦስት ዓይነት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ቀጫጭን ሽቦዎችን እንደ ሹሩባ ጎንጉኖ ማልበስ ነው። ጉንጉኑ ጥብቅ ከሆነ ከውስጠኛው ገጽ ዘጠና በመቶውንና ከዚያም በላይ ይሸፍናል፤ ሲታጠፍ አይከፈትም፣ ለዓመታትም ይቆያል፤ ነገር ግን ለመሥራት ጊዜ ስለሚወስድና መዳብ ስለሚበላ ዋጋው ከፍ ይላል። ሁለተኛው ሽቦዎቹን ሳይጎነጉኑ በአንድ አቅጣጫ ብቻ መጠምጠም ነው፤ እንዲህ ያለው ገመድ ለእጅ የሚለሰልስ፣ ጫፉን ለመበየድም የሚቀል ሲሆን፣ ደጋግሞ ሲታጠፍ ግን በጥምጥሙ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ለሬዲዮ ሞገድም ከጉንጉኑ ይልቅ ደካማ ነው። ሦስተኛው ስስ የአልሙኒየም ፎይል ከፕላስቲክ ጋር ተጣብቆ የሚጠቀለልበት ነው። ፎይሉ መቶ በመቶ ይሸፍናል፤ የሚታሰረውም አብሮት በሚሄድ ራቁት ሽቦ አማካይነት ነው። በግድግዳ ውስጥ አንድ ጊዜ ተዘርግቶ ለሚቀር ገመድ ከእርሱ የተሻለ ምርጫ የለም ማለት ይቻላል፤ በየቀኑ የሚጠቀለልና የሚረገጥ የማይክ ገመድ ላይ ግን ይሰነጠቃል። «መቶ በመቶ መከለያ» የሚል ጽሑፍ ስናይ የፎይል ሊሆን እንደሚችል ማሰብና ገመዱ የሚውለው ለምን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

አሁን በብዙዎች ዘንድ ወደተሳሳተው ነጥብ እንምጣ። የቆርቆሮ ጣሪያ ዝናብ ያግዳል፣ የፀሐዩን ሙቀት ግን ያሳልፋል። የመዳብ መከለያም እንዲሁ የኤሌክትሪክ መስክን ያግዳል፤ ከትራንስፎርመርና ከሞተር የሚወጣውን የ50 ኸርዝ መግነጢሳዊ መስክ ግን የሌለ ያህል ያሳልፈዋል። በዚህ ፍጥነት የሚመላለስ መስክ መዳብ ውስጥ ገብቶ በጉልህ ለመዳከም 9 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ይፈልጋል፤ በገመድ መከለያ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ደግሞ ከፀጉር ብዙም የማይወፍሩ ናቸው። እንግዲህ ምንም ያህል ጥሩ መከለያ ያለው ገመድ ከአዳፕተር ጎን ተጋድሞ ቢያጉመተምት ሊገርመን አይገባም። ከመግነጢሳዊ መስክ የሚያድነው መከለያው ሳይሆን የሁለቱ ሽቦዎች አገማመድ ነው።

ሁለቱ ሽቦዎች ለምን ይገመዳሉ?

ገመድ የሚለው ቃላችን ራሱ መግመድ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ በድምፅ ኬብል ላይ ቃሉ ሙሉ ትርጉሙን ያገኛል። ሁለት ሽቦዎችን ገምዶ ረብሻን የማጥፋት ሐሳብ የመጣው ከስልክ መስመር ነው፤ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 የባለቤትነት መብት አስመዝግቦበታል።

አሠራሩን በእህል ሚዛን መረዳት ይቻላል። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ላይ አቧራ ከላይ እኩል ቢዘንብ፣ በግራው ሳህን የወደቀው በቀኙ ከወደቀው ጋር ስለሚስተካከል ጠቋሚው አይንቀሳቀስም። ጠቋሚው የሚንቀሳቀሰው በሁለቱ ሳህኖች መካከል ልዩነት ሲኖር ብቻ ነው። የፕሪአምፑ መግቢያም እንደዚሁ ነው፤ ከሁለቱ ሽቦዎች የሚቀበለውን እያንዳንዱን ሳይሆን በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ያነባል። ማይኩ ድምፁን የሚልከው በልዩነት መልክ ነው፤ አንደኛው ሽቦ ወደ ላይ ሲል ሌላው በአንጻሩ ወደ ታች ይላል። ከውጪ የመጣው ረብሻ ግን፣ እንደ አቧራው፣ በሁለቱም ላይ እኩል ስለሚያርፍ ልዩነት አይፈጥርም፤ በጥሩ መግቢያ ላይም ከሺህ ጊዜ በላይ ቀንሶ ይታያል። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን መስመር ባላንስድ ወይም ሚዛናዊ ይሉታል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን አቧራው በእርግጥ እኩል ከወረደ ነው። ሁለቱ ሽቦዎች ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ቢሄዱ ለትራንስፎርመሩ የቀረበው ከራቀው የበለጠ ረብሻ ይቀበላል። ሲገመዱ ግን አንድ ጊዜ አንዱ፣ ቀጥሎም ሌላው በቅርበት እየተፈራረቁ ስለሚያልፉ በጠቅላላው ርዝመት የደረሰባቸው ድርሻ ይስተካከላል። ግምዱ በተቀራረበ መጠን እኩልነቱ ይበልጥ ይጠበቃል፤ የርካሽ ገመድ አንዱ መለያም በውስጡ ያሉት ሽቦዎች በረጅም ርቀት አንዴ ብቻ ዘወር የሚሉ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ያልተገመዱ መሆናቸው ነው።

ከሁለት ሽቦ ይልቅ አራት ሽቦ በአንድነት የሚገመድበት ስታር ኳድ የሚባል አሠራርም አለ። በአራት ማዕዘን ከተቀመጡት ሽቦዎች ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለት ሁለቱ ተጣምረው እንደ አንድ ያገለግላሉ፤ የሁለቱ ጥንዶች መካከለኛ ነጥብ አንድ ቦታ ላይ ስለሚገጥም መግነጢሳዊው ረብሻ በሁለቱም ላይ እጅግ የተቀራረበ ይሆናል። የጃፓኖቹ ካናሬና ሞጋሚ ይህን ዓይነት ገመድ በሰፊው በማምረት ይታወቃሉ። ከመደበኛው ጥንድ ሽቦ ጋር ሲነጻጸር መግነጢሳዊውን ረብሻ፣ እንደ ሁኔታው፣ እስከ አንድ አሥረኛ ሊያወርደው ይችላል፤ የመብራት ዲመርና ትራንስፎርመር በበዛበት መድረክ ተጨማሪው ዋጋ ይገባዋል። ሲበየድ ግን ተመሳሳይ ቀለም ያላቸው ሁለቱ በአንድ እግር ላይ መግባት አለባቸው፤ ከተዛነቁ የአራት ሽቦው ጥቅም በሙሉ ይጠፋል።

አንድ ማስተካከያ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። ሚዛናዊ መስመር ማለት ድምፁ በሁለቱም ሽቦ ላይ ተገልብጦ የሚሄድበት ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ይነገራል። እውነተኛው መስፈርት ግን ሁለቱ ሽቦዎች፣ ከማይኩም ከመግቢያውም በኩል፣ ለኤሌክትሪክ የሚያሳዩት ተቃውሞ እኩል መሆኑ ነው። ድምፁን በአንደኛው ሽቦ ላይ ብቻ እየላኩ ሁለተኛውን በእኩል ተቃውሞ የሚያስሩ ኮንደንሰር ማይኮች፣ ማለትም ለመሥራት ከውጪ ኤሌክትሪክ የሚፈልጉ ማይኮች፣ አሉ፤ ረብሻን በመከላከል ረገድ ምንም አይጎድላቸውም። የሚዛኑ ክንዶች እኩል ይሁኑ እንጂ እህሉ በየትኛው ሳህን እንዳለ ለአቧራው ለውጥ የለውም።

ሦስቱ እግሮች ምን ይሠራሉ?

ክቡ ባለ ሦስት እግር መሰኪያ ኤክስኤልአር ይባላል፤ መነሻው በሎስ አንጀለስ የነበረው የካነን ኩባንያ ነው። ዛሬ በሁሉም ዘንድ በተለመደው ሥርዓት አንደኛው እግር ለመከለያው፣ ሁለተኛው ለቀናው ድምፅ፣ ሦስተኛው ለተገላቢጦሹ ነው። ከየእግሩ አጠገብ ቁጥሩ በጥቃቅን ተጽፎ ይገኛል።

መከለያው ከመከላከል ሌላ ተጨማሪ ሥራ አለው። በስቱዲዮ ያሉ አብዛኞቹ ኮንደንሰር ማይኮች ለመሥራት ከሚክሰሩ 48 ቮልት ያገኛሉ፤ ይህን ፋንተም ፓወር የሚባለውን ኤሌክትሪክ ሚክሰሩ በሁለተኛውና በሦስተኛው እግር በእኩል መጠን ይልካል፣ መመለሻውም መከለያው ነው። አሠራሩን የጀርመኑ ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1966 ለኖርዌይ የሥርጭት ድርጅት ያዘጋጀው ሲሆን፣ ቁጥሩ 48 የሆነውም በድርጅቱ ስቱዲዮዎች ውስጥ ለአደጋ ጊዜ መብራት የተዘረጋ የ48 ቮልት መስመር ስለነበረ ነው። በሁለቱ ሽቦዎች መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ስለሌለ፣ በሚዛኑ ምሳሌ መሠረት፣ ይህ ሁሉ ቮልት በድምፁ ላይ አይታይም።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ የብልሽት ምልክት እናገኛለን። መከለያው ከተበጠሰ ኮንደንሰር ማይክ ኤሌክትሪኩ መመለሻ ስለሚያጣ ዝም ይላል፤ እንደ ኤስኤም 58 ያለው፣ ከውጪ ኤሌክትሪክ የማይፈልገው ዳይናሚክ ማይክ ግን መሥራቱን ይቀጥላል፣ ጉምጉምታ ብቻ ይጨምራል። «ገመዱ ይሠራል፣ ማይኩ ነው የተበላሸው» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሳ ነው። ከሁለቱ የድምፅ ሽቦዎች አንዱ ሲበጠስ ደግሞ ድምፁ ይቀንሳል ወይም ይሳሳል፣ ረብሻውም ይጎላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው በአንድ ጫፍ ላይ ተለዋውጠው ከተበየዱ ገመዱ ለብቻው ሲሞከር ምንም እንከን አይታይበትም፤ በአንድ ከበሮ ላይ ሁለት ማይክ ሲቀመጥ ግን አንዱ የሚገፋውን ሌላው እየሳበ የከበሮው ወፍራም ድምፅ ይጠፋል።

ከርካሽ ማይኮች ጋር በካርቶኑ ውስጥ ተጣጥፎ ስለሚመጣው ገመድም መናገር ይገባል። በአንድ በኩል ኤክስኤልአር፣ በሌላው በኩል ግን 6.35 ሚሊሜትር ጃክ ያለበት ነው፤ ጃኩ አንድ ጥቁር ቀለበት ብቻ ካለው በውስጡ ሦስተኛው እግር ከመከለያው ጋር ተያይዟል ማለት ነው። የሚዛኑ አንዱ ሳህን መሬት ላይ ታስሯል፤ ስለዚህ ከላይ ያብራራነው መከላከያ በሙሉ አይሠራም። ሁለት ጥቁር ቀለበት ያለው ጃክ ሚዛናዊ መስመር ሊሸከም ይችላል፤ ለማይክ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ኤክስኤልአር የሆነውን መግዛት ይሻላል። በቤት ውስጥ ለሚቀርጽ ሰው ከማንኛውም ውድ ገመድ ይልቅ ይህች አንዲት ለውጥ ትልቅ ልዩነት ታመጣለች።

መከለያው የት መታሰር አለበት?

አሁን ከላይ ወደ ኋላ ያቆየነውን አራተኛውን ምንጭ እንመልከት። ሚክሰሩ በአንድ ክፍል ሶኬት፣ ኮምፒውተሩ በሌላው ክፍል ሶኬት ቢሰኩ የሁለቱ ግራውንድ በትክክል እኩል አይሆንም፤ ጥቂት የቮልቴጅ ልዩነት ይኖራል። ሁለቱን መሣሪያዎች በድምፅ ገመድ ስናገናኝ መከለያው በመካከላቸው ድልድይ ይሆናል፣ ልዩነቱም በመከለያው ላይ ኤሌክትሪክ እንዲፈስ ያደርጋል። ይህ ግራውንድ ሉፕ የሚባለው ነው። ረብሻው የመጣው ገመዱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ገመዱ ለማይመለከተው ኤሌክትሪክ መንገድ ስለሆነ ነው።

መከለያው ጣሪያ ከሆነ፣ ጣሪያው የሰበሰበውን ውኃ የሚያወርድ አሸንዳ ያስፈልገዋል። አሸንዳው ውኃውን ከግድግዳው ውጪ ካፈሰሰው መልካም ነው፤ ወደ ሳሎኑ ካወረደው ግን ጣሪያው ሙሉ ሆኖ ሳለ ቤቱ ይጥለቀለቃል። በመሣሪያዎች ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። የመከለያው እግር መግቢያው ላይ እንደ ደረሰ ከመሣሪያው የብረት ሳጥን ጋር ሊታሰር ሲገባው፣ በአንዳንዶቹ ላይ በስስ መስመር ወደ ውስጠኛው የማጉያ ሰሌዳ ይገባል፤ በመከለያው የመጣውም ኤሌክትሪክ ከድምፁ ጋር ይደባለቃል። መሐንዲሱ ኒል መንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 የድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ላይ ይህን «የአንደኛው እግር ችግር» ብሎ ካስረዳ በኋላ፣ ማኅበሩ በ2005 መከለያው በቀጥታ ከብረት ሳጥኑ ጋር እንዲታሰር የሚደነግግ መስፈርት አወጣ። እንግዲህ ገመድ ደጋግሞ ለውጦ ጉምጉምታው ያልጠፋለት ሰው፣ ጉድለቱ በገመዱ ሳይሆን በመሣሪያው አሸንዳ ላይ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ አለበት።

መፍትሔው በብዙ ቤት ቀላል ነው፤ የድምፅ መሣሪያዎቹን ሁሉ ከአንድ ሶኬት፣ በአንድ ማከፋፈያ መሰካት። ያ ካልበቃ በሁለቱ መሣሪያዎች መካከል ድምፁን በትራንስፎርመር የሚያሻግር መለያ ማስገባት ይቻላል። ፈጽሞ የማይደረገው ግን የስፒናውን የግራውንድ እግር መቁረጥ ወይም በቴፕ መሸፈን ነው። ጉምጉምታው በእርግጥ ሊጠፋ ይችላል፤ ነገር ግን በመሣሪያው ውስጥ አንድ ሽቦ ተላቅቆ ሳጥኑን ቢነካ 220 ቮልት በማይኩ አካል በኩል ወደ ዘማሪው ከንፈር ይደርሳል። ሰው ይሞታል። የቤቱ ሶኬት ከመጀመሪያውኑ ግራውንድ የሌለው ከሆነ፣ ገንዘቡ ለአዲስ ገመድ ሳይሆን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ መዋል አለበት።

የመዳቡ ንጽሕናና የወርቅ ቅቡስ?

ኦክስጅን የሌለው መዳብ በማሸጊያዎች ላይ በትልቁ ይጻፋል። ከተለመደው የኤሌክትሪክ መዳብ ጋር ሲነጻጸር ኤሌክትሪክን የማስተላለፍ ብልጫው አንድ በመቶ ያህል ነው። የ10 ሜትር የማይክ ገመድ ሁለቱ ሽቦዎች በድምሩ ወደ 1.6 ኦም ተቃውሞ አላቸው፤ የፕሪአምፑ መግቢያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ1500 ኦም በላይ ነው። ገመዱ በሙሉ የሚወስደው ድርሻ ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ከሆነ፣ የዚያ አንድ መቶኛ በጆሮ ሊሰማ አይችልም። ወርቅም ቢሆን ከመዳብ የተሻለ አስተላላፊ አይደለም፤ ጥቅሙ አለመዛጉ ነው፤ ስለዚህ እርጥበት ባለበት ቦታና ለረጅም ጊዜ ተሰክቶ በሚቆይ መገጣጠሚያ ላይ ይረዳል።

በእርግጥ ሊያሳስብ የሚገባው መዳብ መስሎ የሚሸጠው በመዳብ የተለበጠ አልሙኒየም ነው። አልሙኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ ስድሳ በመቶ ያህል ነው፤ ለማይክ ይህም ቢሆን ብዙ ችግር ባልሆነ ነበር። ክፋቱ ሲታጠፍ ቶሎ መሰበሩና ብየዳ በደንብ አለመያዙ ነው። ሽቦውን በምላጭ ሲፍቁት ውጪው ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከሆነ አልሙኒየም ነው፤ ውጪው ነጭ ውስጡ ቀይ ከሆነ ግን በቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ስለሆነ ደህና ነው። አልሙኒየም ከመዳብ ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚቀል ገመዱ በእጅ ሲያዝም ያስታውቃል።

ገመድ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው መሃሉ ላይ ሳይሆን ጫፉ ላይ ነው። ጥሩ ብየዳ የሚያበራና ሽቦውን አቅፎ የያዘ ነው፤ የደበዘዘና እንደ ጠብታ የተንጠለጠለ ከሆነ ሙቀት አላገኘም፣ ከወራት በኋላ ይላቀቃል። በመሰኪያው ውስጥ ልባሱን ነክሶ የሚይዝ ማጥበቂያ መኖሩም እንደ ብየዳው ያስፈልጋል፤ ያለ እርሱ ገመዱ በተጎተተ ቁጥር ክብደቱ ሁሉ በብየዳው ላይ ያርፋል። የሊክተንስታይኑ ኖይትሪክና የአሜሪካው ስዊችክራፍት በባለሙያ ዘንድ የሚመረጡት በዚህ ምክንያት ነው። ተከፍቶ ሊጠገን የሚችል መሰኪያ ያለውን ገመድ፣ በፕላስቲክ ተደፍኖ ከተዘጋው አስበልጬ እመርጣለሁ።

የክራርና የጊታር ገመድ ለምን የተለየ ይሆናል?

ፒክአፕ፣ ማለትም የአውታሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ዕቃ፣ የተገጠመላቸው ክራር፣ ማሲንቆና ጊታር የሚያገናኙበት ገመድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ የድምፅ ሽቦና መከለያ ብቻ ያለው ነው፤ መከለያው ራሱ የድምፁ መመለሻ ስለሆነ ሚዛኑ የለም። በዚህ ላይ የጊታር ፒክአፕ ከማይክ ጋር ሲነጻጸር ኤሌክትሪኩን በደካማ ጉልበት ነው የሚገፋው። በሽቦውና በመከለያው መካከል ያለው ኤሌክትሪክ የማጠራቀም አቅም፣ ፒኮፋራድ በሚባለው መለኪያ በሜትር 100 ያህል የሆነው፣ የማይክን ድምፅ በ100 ሜትር ገመድ እንኳ በሚሰማ መጠን አይነካውም፤ የጊታሩን ግን ገመዱ ከ3 ሜትር ወደ 10 ሜትር ሲረዝም ጥራቱን ያደበዝዘዋል፣ ቀጭኑና ብሩሁ የድምፁ ክፍል ይቀንሳል። በክራር ላይ በብዛት የሚለጠፈው፣ ፒየዞ የሚባለው ፒክአፕ ደግሞ በገመዱ ርዝመት መጠን ድምፁ ይደክማል እንጂ ቅላጼው እምብዛም አይለወጥም።

እንዲህ ያለው ገመድ ሲረገጥ ወይም ሲወዛወዝ ኳኳታ የሚያሰማበት ጊዜ አለ፤ በፕላስቲኩና በመከለያው መካከል በሚፈጠር ፍትጊያ ኤሌክትሪክ ስለሚመነጭ ነው። የተሻሉት የመሣሪያ ገመዶች ይህን ለማፈን ከመከለያው ሥር ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጥቁር ፕላስቲክ ይጨምራሉ። ስለዚህ ለክራርና ለጊታር የሚሻለው ከ5 ወይም 6 ሜትር ባልበለጠ ገመድ፣ ሚዛን የሌለውን መስመር ወደ ሚዛናዊ ከሚለውጠው፣ ዲአይ ቦክስ ከሚባለው ማሻገሪያ ማድረስ፣ ከዚያ ወደ ሚክሰሩ በማይክ ገመድ መቀጠል ነው።

በእጃችን ያለውን ገመድ እንዴት እንፈትሽ?

በመጀመሪያ በቴስተር ከአንዱ ጫፍ አንደኛው እግር ከሌላው አንደኛ፣ ሁለተኛው ከሁለተኛ፣ ሦስተኛው ከሦስተኛ መገናኘታቸውን፣ እርስ በርሳቸው ግን አለመነካካታቸውን ማየት ነው። በዚህ ጊዜ ገመዱን በሁለቱም ጫፍ አጠገብ ማወዛወዝ ያስፈልጋል፤ ቴስተሩ ድምፁን ካቆራረጠ ብየዳው ላልቷል።

ቴስተር ግን የመከለያውን ጥራት አይናገርም። ለዚህ ዳይናሚክ ማይክ ሰክቶ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ በወፍራም ጨርቅ መጠቅለል፣ ማጉያውን ለቀረጻ ከሚያስፈልገው ከፍ አድርጎ በጆሮ ማዳመጫ ማዳመጥ ይበቃል። ሊደውል ያለ ስልክ ከገመዱ መሃል አጠገብ ሲቀመጥ ድዝዝታው ከገባ መከለያው ወይም አስተሳሰሩ ደካማ ነው፤ ገመዱ በአዳፕተር ላይ ሲጋደም ብቻ ጉምጉምታው ከጨመረ አገማመዱ ላይ ችግር አለ። ማይኩ ራሱም ረብሻ ሊቀበል ስለሚችል ስልኩንም አዳፕተሩንም ከእርሱ ማራቅ ያሻል። ሁለት ገመዶችን በዚሁ መንገድ ተራ በተራ መሞከር ከማሸጊያው ጽሑፍ የበለጠ ይነግራል።

በቀረጻው ዕለት የማይክ ገመድና የመብራት ገመድ ጎን ለጎን እንዳይሄዱ፣ መተላለፍ ግድ ከሆነባቸውም በመስቀል ቅርጽ እንዲቋረጡ ማድረግ፣ ትርፉን ገመድ በአዳፕተሮቹ ላይ አለመከመር ይገባል። ከዚያም ደርዳሪው በገናውን ቃኝተው ከመጀመራቸው በፊት ሁሉም ዝም ብሎ አንድ ደቂቃ ይቀረጽና እዚያው በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል፤ ጉምጉምታ ካለ በዚያች ደቂቃ ውስጥ ይገኛል፣ ገመድ ለመለወጥም ገና ጊዜ አለ።